ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ

አሰገደች እናቷን ከአልጋ የምታነሣው በመዳፏ እንጂ በጣቷ አይደለም። ግራ እጇን ከትከሻዋ ሥር፣ ቀኝ እጇን ከወገቧ ሥር ትሰድና እርጥብ ነጠላ ከገመድ ላይ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ ብላ ወደ ራሷ ታስጠጋታለች። ከዚያ ፊቷን ለብ ባለ ውኃ ታብስላታለች፣ ክንዷንና ቅልጥሟን ቅባት ትቀባታለች፣ እጅጌው ረጅም የሆነውን የጥጥ ሹራብ ታለብሳታለች፣ የልብ ክኒኗን በአጥሚት ታስውጣታለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙም አያወሩም። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የተደረገ ነገር ወሬ አይፈልግም፤ እጅ ያውቀዋል። አሰገደችም ከጊዜ በኋላ ልቧን ከሥራው አውጥታ ነገሩን ሁሉ ለእጇ ለቃለታለች። ድካም ይሁን ሌላ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደስታም ቅያሜም የሚሰማት እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ከግድግዳ ወዲያ ነው።

ቤታቸው ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ ውስጠኛው የእናቷ፣ ውጪኛው የእሷ። በክረምት ከምሳ በኋላ ጭጋጉ ከተራራው ይወርድና መስኮቱ ላይ ይተኛል፤ ገና በስምንት ሰዓት ቤቱ ይጨልማል። አሰገደች በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የነጠላ ዘርፍ ትቋጫለች። ሸማኔዎቹ ሠርተው የጨረሱትን ነጠላ ያመጡላታል፤ እሷ ከጫፉ የተንጠለጠለውን ፈትል አራት አራት እያደረገች፣ መዳፏን አመድ እያስነካች፣ በቅልጥሟ ላይ ትገምደውና ጫፉን ትቋጥረዋለች። ሠላሳ ዓመት ሠርታዋለች። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሠራው ይሏታል፣ እሷም አትክድም፤ ምሳ ከተበላ በኋላ ነጠላው ጭኗ ላይ እንዳለ ታንቀላፋለች፣ ስትነቃ ሥራው እንቅልፍ ከወሰዳት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል አልፎ ታገኘዋለች። ድሮ ይህን ለሰው እያወራች ትስቅ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ይመኙሻል ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። አልጋ ላይ ከመዋሏ በፊት አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሴቶች ገናዥ ነበረች፤ ሴት ስትሞት ሬሳዋን የምታጥበው፣ የምታስተካክለው፣ በአቡጀዲ የምትጠቀልለው እሷ ነበረች። ሥራዋን ታከብረው ነበር። ከሌላ ሰፈር ቀብር ስትመለስ "እንደ ጆንያ ጠቅልለዋት! ሰው እንዲህ ተደርጎ ወደ ፈጣሪው ይላካል?" እያለች ራት አትበላም። ሰው "ከሞቱ አሟሟቱ" ሲል "ካሟሟቱም አገናነዙ" ብላ ትጨምርበታለች። አሰገደችን በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ሙያውን ላውርስሽ ብላ ሬሳ ያለበት አንድ ቤት ወስዳት ነበር። አሰገደች ገና ውኃው ሳይፈስ ሮጣ ወጥታ ከአጥሩ ሥር አስመለሳት፤ ከዚያ ወዲህ ሬሳ ያለበትን ክፍል ደፍ አልፋ አታውቅም። እናቷም በግድ አልጎተተቻትም። ብቻ ከቀብር በተመለሰች ቁጥር፣ ሳሙናና አሪቲ እየሸተተች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸውና "እኔን ደግሞ ማን ይገንዘኛል?" ትል ነበር። ልጅቱ ያንን ሽታ ስለምትጠላ የዚያን ቀን እናቷን አታቅፋትም።

የመጀመሪያው በለዝ የታየው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ከክርኗ በታች የወጣ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ጠዋት ቀይ የነበረና ማታ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ። የእናቷ ቆዳ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል፤ ከሥሩ ደም ሥሩ፣ ጅማቱ፣ አጥንቱ ሁሉ ይቆጠራል። አሰገደች በታክሲ ጭና ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ጤና መኮንኗ ክንዱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና ነገሩን በሚገባ አስረዳቻት።

"ዕድሜ ነው" አለች። "ሰው ሲያረጅ ቆዳው ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ስብም ያልቃል፤ የደም ሥሮቹ ያለ ትራስ ይቀራሉ። ላንቺ ምንም የማይመስልሽ ንክኪ ለሳቸው ምት ነው። የልባቸው መድኃኒት ደግሞ ደም ያቀጥናል። ከራስሽ እንዳታቋርጪባቸው እንጂ፣ የሚያስፈራ አይደለም። ስታነሺያቸው በመዳፍሽ ያዣቸው፣ በጣትሽ አትጨብጪ። ጥፍርሽን ከርክሚ። ቅባትና ረጅም እጅጌ አይለያቸው።"

አሰገደች የተባለችውን አንድ በአንድ ፈጸመች። ጥፍሯን ሥጋው እስኪታይ ከረከመች። የአልጋውን ጠርዝ በጥጥ ጠቀለለችው። በለዙ ግን አልቀረም፤ አንዱ አረንጓዴ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ሲጠፋ ሌላው ይተካል። ይህም ዕድሜ ነው ብላ ተቀበለችው። ነሐሴ ሲገባ ግን በለዞቹ ቦታ መምረጥ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀኝ እጅ አውራ ጣት ዙሪያ፣ የፈትል ውፍረት ያላት፣ ዙሪያውን ሞልታ የገጠመች ጥቁር ቀለበት ወጣች። በሦስተኛው ቀን ግራ አውራ ጣቷ ላይም እህት ቀለበት ተከተለች። በሳምንቱ ካልሲዋን ስታወልቅላት የሁለቱም እግሮቿ አውራ ጣቶች እንዲሁ ቀለበት አስረው አገኘቻቸው። አሰገደች እግሮቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀለበቶቹን በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። ዕድሜ ቦታ ሲመርጥ አይታ አታውቅም።

"እማዬ፣ እዚህ ጋ ምን ነካሽ?"

"ምንም።"

"አያምሽም?"

"መጀመሪያ ነው እንጂ የሚያመው" አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል። አሰገደች ይህን የእርጅና ንግግር አድርጋ ወሰደችው።

ጥርጣሬዋ ያረፈው ደብሬ ላይ ነበር። ደብሬ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ልብስ የምታጥብ፣ እናቷን በማገላበጥ የምታግዝ፣ እጀ ወፍራም፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። አሰገደች ብዙ ሳትናገር በቃሽ አለቻት። ደብሬ ግን ብዙ ተናገረች፤ መጀመሪያ ደጃፍ ላይ፣ ቀጥሎም በየቧንቧው ወረፋ። በለዙ ግን ደብሬ ከሄደች በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ሰፈሩ ምን እያለ እንደሆነ አሰገደች የሰማችው ታናሽ ወንድሟ አስናቀ እሁድ ከኮምቦልቻ መጥቶ የእናቱን እጅ ለመሳም ጎንበስ ያለ ጊዜ ነው። ከንፈሩ ሳይደርስ ቆመ። አውራ ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው፣ እናቱንም ጠየቃት።

"ዕድሜ ነው ልጄ" አለች እናታቸው፣ ዓይኗን ከአሰገደች ላይ ሳታነሣ።

አሰገደችን ወደ ግቢው ይዟት ወጣ። አስናቀ አስተማሪ ነው፤ ሰውን ሲቆጣም ጠመኔ እንደያዘ ነው። ሁልጊዜ "እቴቴ" ነበር የሚላት።

"አሰገደች" አላት በዚያ ቀን። "እንደ ደከመሽ አውቃለሁ። አራት ዓመት ቀላል አይደለም። ግን የእናታችንን ጣት በገመድ ማሰር ምን ይባላል?"

"አላሰርኳትም።"

"ታዲያ ማን ነው? እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?"

አሰገደች ወደ ቤቱ በር ዞራ አየች። አስናቀም ያንን እንደ መልስ ቆጠረው። የሚመጣው እሁድ ምክንያቱን ካላወቀ እናቱን ይዟት እንደሚሄድ ነገራትና ጃንጥላውን ዘርግቶ ቁልቁል ወረደ። አሰገደች ማልቀስ እንደሚገባት ታውቃለች። ትዳሯ ድሮ ፈርሷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ እናቷ ከተወሰደች ጠዋት ተነሥታ የምታነሣው ሰው የላትም፣ "እናቷን የምትደበድበው" ተብላ በራሷ ቀብር እንኳ የሚቆምላት አይኖርም። ይህን ሁሉ አሰበችው። እንባው ግን አልመጣም፣ ስለዚህ ገብታ ሳህን አጠበች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱን ማዳመጥ ያዘች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሲያባራ ከክዳኑ ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ ከበርሜሉ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ በታች ደግሞ የእናቷ ትንፋሽ አለ። ከዚያም በታች፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፉ ሲጫናት፣ አንዲት ድምፅ ትሰማለች፤ ፈትል በጥርስ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት፣ አጭርና እርጥብ። አንዳንዴ የእናቷን ድምፅም ትሰማለች። ጸሎት ይመስላል፣ ግን የጸሎት ዜማ የለውም፤ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው እንደሚናገር ነው የምትናገረው። "አይ፣ አጠበቅሽው" ትላለች። "ፍቺውና ድገሚው።" አሰገደች ስትነቃ እናቷ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች። ነጠላው ጭኗ ላይ ነው። ሥራው ሄዷል። እጇን አፍንጫዋ ጋ ስታደርሰው ሳሙናና አሪቲ ይሸታል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው አሪቲ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከእናቷ አልጋ ሥር ባለው የገነዛ ሣጥን ውስጥ፤ የሣጥኑ ቁልፍም ከእናቷ አንገት ወርዶ አያውቅም። አሰገደች እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበችው፤ ሽታው ቆየ።

ዓርብ ዕለት ነገሩን እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ወሰነች። የምትሠራበትን ፈትል ሁለት ክንድ ቆርጣ በውስጠኛው ክፍል በር ላይ፣ ከመቃኑ ግራና ቀኝ ባሉት ሚስማሮች ላይ፣ በጉልበት ከፍታ ወጠረችው። የሚገባ ሰው ይበጥሰዋል። የውጪውን በር ከውስጥ ቀረቀረችና በርጩማዋን ከፈትሉ ፊት አድርጋ ተቀመጠች። ጭጋጉ ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍነው ክፍሉ ጨለመ፤ ነጩ ፈትል ግን በደብዛዛው ይታይ ነበር፣ ትንሽ ትንሽ እየተነፈሰ። አልተኛም ብላ ነበር። እጇ ይገምዳል፣ ይቋጥራል፣ ይገምዳል። አንድ ጊዜ ዓይኗ ከደን አለና ወዲያው ገለጠችው፣ ወይም ወዲያው የገለጠችው መሰላት።

ፈትሉ የለም። አልተበጠሰም፤ ሚስማሮቹ ላይ ቅራፊ እንኳ አልቀረም፣ ተፈትቶ ነው የሄደው። የውጪው በር እንደተቀረቀረ ነው። አሰገደች ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። እናቷ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ተኝታለች፣ እጆቿ ሆዷ ላይ ተጋጥመዋል፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቿም ጎን ለጎን ሆነው በዚያው ፈትል ታስረዋል። ንጹሕ አስተሳሰር ነው፤ ጫፉ እንኳ እኩል ተቆርጧል። አሰገደች መቀሱን አምጥታ ቆረጠችው። ፈትሉ ታስሮበት በነበረው ቦታ፣ ዓይኗ እያየ፣ ቆዳው ቀስ ብሎ ቀላ፣ ቀጥሎም ጠቆረ። አልጋ ሥር አየች፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ከመጋረጃው ኋላ እጇን ሰደደች። ሰው የለም። እናቷ ዓይኗን ገልጣ ስታያት ነበር።

"ማን ነው ያሰረሽ?"

"ተኚ" አለች እናቷ። "ደክሞሻል።"

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ፋናዬን ጠራቻቸው። እትዬ ፋናዬ በዕድሜ ከእናቷ የሚያንሱ፣ በዕድር ሥራ ለብዙ ዓመት ውኃ በመቅዳት ሲያግዟት የነበሩ ጎረቤት ናቸው፤ የሰፈሩ ወሬ ቢደርሳቸውም ቡና አጣጭነት ይዟቸው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የይመኙሻልን እጅ በመዳፋቸው ተቀበሉና አውራ ጣቶቹን አዩ። ካልሲውን ራሳቸው አወለቁና እግሮቹን አዩ። ከዚያ አማተቡ።

"ምንድን ነው?" አለች አሰገደች።

"አንቺ ገነዛ አይተሽ አታውቂም ለካ" አሉ እትዬ ፋናዬ፣ ከአልጋው ፈቀቅ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሬሳ ሲታጠብ እጁ ወዲያና ወዲህ እንዳይወድቅ አውራ ጣቶቹ አንድ ላይ ይታሰራሉ። እግሩም እንደዚሁ። ቀጥሎ አፉ እንዳይከፈት አገጩ በጨርቅ ይታሰራል፣ ዓይኑ ይከደናል። ይሄ የዚያ ማሰሪያ ቦታ ነው። ግን ሬሳ አይበልዝም፣ ልጄ። ደም የለውማ። ይህቺ በሕይወት እያለች ነው የታሰረችው።"

አሰገደች የቆረጠችውን ፈትል ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። ቋጠሮው እንዳለ ነበር። እትዬ ፋናዬ ወደ መስኮቱ ወስደው በጥፍራቸው ፈልቀቅ አደረጉት።

"ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ" አሉ። "ይህ የእናትሽ አስተሳሰር ነው። አንዱን ጫፍ ስትስቢው ሁሉም ይፈታል። እኔን እንኳ አላስተማረችኝም፤ 'ለልጄ ነው' እያለች። አንቺ እምቢ አልሽ አሉ።"

እትዬ ፋናዬ በዚያ ቤት ውስጥ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። አሰገደች ወደ በርጩማዋ ተመልሳ ነጠላውን ዘረጋችው። ትናንት ጠዋት የጀመረችበት ጫፍ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች የእሷ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ስትቋጥራቸው የኖረቻቸው፣ ድፍን ድፍን ያሉ። ከመሃል ወዲያ፣ በእንቅልፏ የሄደው ክፍል ላይ ግን ቋጠሮዎቹ ሌላ ናቸው። ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ። አንዱን ሳበችው፣ ሁሉም ተፈታ። ሊገባት የሚገባው ነገር ገባት፤ መደንገጥ ግን አልቻለችም። ልቧ በቦታው ነበር፣ ይመታል፣ ያ ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቀኝ እጇን ከበርጩማው እግር ጋር አሰረችው። የራሷን ድፍን ቋጠሮ ነበር የቋጠረችው፣ ሰባት ጊዜ ደራርባ፣ ቆዳዋ እስኪጨነቅ። መቀሱን ከአጥር ውጪ ወርውራለች። ዝናቡ ጀመረ፣ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ከጩኸቱ ሥር የእናቷ ድምፅ "ና እንግዲህ" አለ፣ ለወንድ እንደሚባለው፣ ለእጅ እንደሚባለው። ስትነቃ ዝናቡ አባርቷል። እጇ ነፃ ነው። ያሰረችበት ፈትል ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ትንሽ ክብ ኳስ ሆኖ ከነጠላው ላይ ተቀምጧል፤ እናቷ ከሥራ በኋላ ፈትሏን የምትጠቀልለው እንዲህ ነበር። ከነጠላው ጠርዝ አንድ ጥለት ተቀዶ ጎድሏል። አሰገደች ወደ ውስጥ ስትገባ እናቷ ሻሿን በአገጯ ሥር አዙራ እስከ ጆሮዋ ተጠቅልላ ነበር።

"ብርድ ገባኝ" አለች። "አትንኪብኝ፣ ልጄ።"

አሰገደች አልነካችባትም።

እሁድ በአምስት ሰዓት አስናቀ መጣ። ኮምቦልቻ የሚወስዳቸውን መኪና ከታች መንገዱ ላይ አስቁሞ ነው የመጣው። አሰገደች የእናቷን ልብስ በሻንጣ አድርጋ በር ላይ አስቀምጣለታለች፤ እሷ ራሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እናቷን እንዲወስድላት ፈለገች? ብትጠየቅ አዎ ትላለች። ከእጇ ብትርቅላት፣ በመንገድ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ እጅ የማይደርስበት። አስናቀ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የእናቱን እጅ ያዘና አውራ ጣቶቹን አየ፣ አዲሱን ጥቁር ቀለበት አየ። ፊቱ ተለወጠ።

"እማዬ፣ ንገሪኝ።"

እናታቸው ከትራሷ ሥር መቁጠሪያዋን አወጣች፣ ከጥቁር ክር የተቋጠረውን። አውራ ጣቶቿን አጋጠመችና መቁጠሪያውን በላያቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው፤ ልክ በቀለበቱ ላይ ገጠመ።

"እንዲህ አድርጌ ነው የምጸልየው" አለች። "ሰነፍ ሆኜ እጄ እየወደቀብኝ። ሳላስበው እንቅልፍ ይወስደኛል። እግሬም ከዚያ ካልሲ ነው፣ ላስቲኩ። ይህችን ምስኪን ስታስጨንቃት ሰነበትክ አሉ?"

አስናቀ ብዙ አልተከራከረም። ሰው ማመን የሚፈልገውን ነገር ሲያገኝ አይመረምረውም። ተነሥቶ አሰገደችን አቀፋት፣ "ይቅር በይኝ እቴቴ" አለ፣ ትከሻዋ ላይ አለቀሰ። እሷ ከትከሻው በላይ እናቷን ታይ ነበር። "ውሰዳት" ልትለው አፏን ከፈተች፣ "እውነት ነው፣ እኔ ነኝ፣ ውሰዳት" ልትለው። እናቷ ጭንቅላቷን ትንሽ ነቀነቀችላት፣ ሰው ፊት ልጇን ነውር እንዳትናገር እንደምትከለክል እናት። አሰገደች አፏን መልሳ ዘጋች። ሻንጣው ከበር ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ፣ መኪናው ባዶውን ሄደ፣ የአስናቀ ጃንጥላ በጭጋጉ ውስጥ እየቀጠነ ጠፋ።

ወደ ውስጥ ስትመለስ እናቷ ሻሿን ፈትታ ነበር። ከአገጯ ሥር ተነሥቶ በሁለቱ ጉንጮቿ ወደ ጆሮዋ የሚወጣ፣ ሦስት ጣት የሚሰፋ ጥቁር ወይን ጠጅ ጥለት ፊቷን አቅፎታል።

"አየሽ" አለች። "ደበቅሁልሽ።"

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም፣ እማዬ?"

"ነቅተሽማ እምቢ አልሽኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እምቢ አልሽኝ።" ቅያሜ የለበትም፤ ወሬ እንደምታወራ ነበር የምትናገረው። "እጅሽ ግን ካንቺ ይሻላል። መጀመሪያ መጥቶ እጄን ሲይዘው፣ ይህ ልጅ መማር ይፈልጋል አልኩ። የሣጥኑን ቁልፍ ሰጠሁት። ሲያጠብቅ እየነገርኩት፣ ሲያላላ እየነገርኩት፣ ይኸው ለመደ። እነዚያ እንደ ጆንያ የሚጠቀልሉት እንዲነኩኝ አልፈልግም። ላንቺ ብዬ ነው ቆዳዬን የሰጠሁት።"

አሰገደች ከአልጋው አጠገብ ቆመች። መስኮቱ ነጭ ሆኗል፤ ጭጋጉ ዛሬ ከምሳ በፊት ወርዷል። ሳሙናው ሸተታት፣ አሪቲው ሸተታት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽታው አላስጠላትም።

"ጣት ተምረሻል፣ እግር ተምረሻል፣ አገጭ ትናንት ጨረስን" አለች እናቷ። በጀርባዋ ተስተካከለች፣ እግሮቿን ገጠመች፣ አውራ ጣቶቿን ሆዷ ላይ ጎን ለጎን አደረገች። "የቀረው ዓይን ነው። እሱ በእንቅልፍ አይሆንም። ዓይን የሚከድን ሰው ማየት አለበት።"

አሰገደች ፍርሃቱ እስኪመጣ ጠበቀች። ከዚያ ከእንቅልፏ እስክትነቃ ጠበቀች፤ በርጩማዋ በውጪው ክፍል ባዶውን ነበር፣ ነጠላው ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ከበርሜሉ ጠብታው ይሰማል፣ እሷም ነቅታ ነበር። እጇ ሲሄድ አየችው። አላቆመችውም። በጣቷ ሳይሆን በመዳፏ፣ ቀስ ብላ፣ የእናቷን የዓይን ቆቦች ወደ ታች ወሰደቻቸው፤ ፊቷ በጣም ትንሽ ስለሆነ መዳፉ ከዓይኗ አልፎ አፍንጫዋንና አፏንም ሸፈነ፣ እዚያም ቆየ፣ ውጪ ያለው ጠብታ እስኪያቆም ድረስ ቆየ።

ከዚያ አሰገደች እጇን አነሣችና እንደለመደችው በለዙ እስኪወጣ ጠበቀች፤ አልወጣም።